በለቅሶ ቤት ቀልድ ታወቅኩ፣ አሁን አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ

የአራዳ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አምና ወንድ አያቴ አረፈ። ቤታችን ከአራዳ ጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ነው። ድንኳኑ ቅያሱን ዘግቶ ሦስት ቀን ቆመ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ለቅሶ ላይ ዓይኔ አያርፍም። አክስቴ «አባብዬ፣ ለማን ጥለኸኝ ሄድክ» እያለች ስታለቅስ፣ በዚያው ዜማ፣ ድምጿን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ፣ «አንቺ፣ ሽሮው አረረ፣ ውሃ ጨምሪበት» ብላ ወደ ለቅሶዋ ተመለሰች። ማንም አልሳቀም። እኔ የጋቢዬን ጫፍ ነክሼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ዋናው ግን ከሠልስት በኋላ የሆነው ነው። የዕድሩ ዕቃ ያዥ ደብተሩን ይዞ መጣ። ወንበር ቆጠረ፣ ድስት ቆጠረ፣ ሳህን ቆጠረ። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «አንድ ብርጭቆ ጎድላለች» አለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሴት አያቴ ከፍራሹ ቀና ሳትል «እሱ ይዟት ሄዶ ይሆናል፣ መቼ ብርጭቆ ከእጁ ይለይ ነበር» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዕቃ ያዡ ራሱ ደብተሩን ጥሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ሳቋ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። በሦስቱ ቀን እንባዋን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ይህን በስልኬ ተረኩና ቲክቶክ ላይ ጣልኩት። ሰው ሲቀባበለው አደረ። ከዚያ መድረክ ላይ ጠሩኝ፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ ሥራም አገኘሁ። አጎቴ ግን እስከ ዛሬ አያናግረኝም፣ «የአባቴን ሬሳ ሸጠ» ይላል አሉ።

አሁን ቦሌ በኩል ቤት ተከራይቻለሁ። ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ላፕቶፕ ከፍቼ፣ ማኪያቶዬን እያስቀዘቀዝኩ «የሚያስቅ ነገር» እፈልጋለሁ። ስድስት ወር ሆነኝ። የሚመጣልኝ ሁሉ የዚያችው ብርጭቆ ቅጂ ነው። ባለፈው የጓደኛዬ እናት ለቅሶ ላይ ሄጄ ራሴን ያዝኩት፦ አልቃሿን እያየሁ «ይቺ ትሠራለች፣ ይቺ አትሠራም» እያልኩ ስመርጥ። ደነገጥኩ። ሐዘን ላይ መቀለድ ድሮም ነውር ነበር እንዴ? ወይስ እኔን የበላኝ መታወቁ ነው?

ሰባ ደረጃ፦
ኧረ ተው፣ የምን ነውር! የፒያሳ ልጅ ሆነህ ይህን ትጠይቃለህ? ሰው ተዘርፎ «ኧረ ያገር ያለህ» ብሎ ሲጮህ የሚደርስለት ያጣበትን ሰፈር «እሪ በከንቱ» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ነው የወለደህ። ይህን ስም ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ቲክቶክም አልነበረውም፣ ግን ስሙ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ድንኳን ውስጥ ሌሊቱን ካርታ እየተጫወተ፣ የሟችን ጉድ እያነሳ ሲስቅ የሚያድረውስ ማነው? እኛው አይደለንም? ጠዋት ደግሞ ሬሳ ሲወጣ ደረቱን የሚደቃው ያው ሰውዬ ነው። ጻፍ ዝም ብለህ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ነውር አይደለም፣ ግን «ጻፍ ዝም ብለህ» የሚባል ነገርም አይደለም። እዚህ አገር ቀልድ ሁልጊዜ ሥራ ነበረው። ንጉሥ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ያስጠይቅ ነበር ይባላል። ሹም አፉን ሲይዝ እረኛና አዝማሪ በግጥም ስለሚያወጡት ነው።

ሁለት ሰው ላንሳልህ። አለቃ ገብረ ሐናን ሁላችንም የምናውቃቸው በቀልዳቸው ነው። እኔማ እስክጎለምስ ድረስ የተረት ሰው ይመስሉኝ ነበር። ሰውየው ግን የአቋቋም ሊቅ ናቸው። ዛሬ የተክሌ አቋቋም የምንለው፣ ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው እንደ ውሃ ሞገድ ወዲህ ወዲያ የሚሉበት፣ የእሳቸው ፈጠራ ነው። ስሙ ግን የተጠራው ባስተማሩት ልጃቸው በተክሌ ነው። እንግዲህ አስበው፣ ትልቁ ሥራቸው በልጃቸው ስም ሄደ፣ በእሳቸው ስም የቀረው ቀልዱ ሆነ፣ ከዚያም ውስጥ ስንቱ የእሳቸው እንዳልሆነ ቤቱ ይቁጠረው። ሰው የቱን እንደሚይዝልህ አንተ አትመርጥም።

ሁለተኛው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ናቸው። ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ኮስታራ ሰው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን የጻፉትም እኚሁ ናቸው። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቴራስ ሆቴል ነው የታየው። መድረክ ላይ ያሉት አውሬዎች ናቸው፣ ተመልካቹ ግን ስለ ማን እንደሚወራ ገብቶታል። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ተራ ፌዝ ቢሆን ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር? አንተም ብርጭቆዋን ስትተርክ ሰው የሳቀው ስለ ብርጭቆ አይመስለኝም።

ስም አይጠቀስ፦
እኔ የአጎቱ ወገን ነኝ። ወንድሜ ሲሞት አንዱ ዘመድ እኔ መሬት ላይ ስንከባለል ቀርጾኝ ነበር። ጫማዬ ወልቆ ካልሲዬ ቀዳዳ ነበረው። እሱ ነው ያሳቃቸው፣ ቀዳዳው። ሥራ ቦታ ሳይቀር «ካልሲው» ይሉኝ ነበር። እናንተ ስለ አለቃ ገብረ ሐና አውሩ፣ አለቃ ፊት ለፊትህ ቆመው ነው የሚናገሩህ፣ መልስም ካለህ ትመልሳለህ። ለስልክ ምን ብለህ ትመልሳለህ? አጎትህ ጋ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ። የመጻፉ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የኋላ ወንበር፦
ስም አይጠቀስ፣ አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ ላይ የተሠራው በደል ነው፣ ከዚህኛው ጋር አንድ አላደርገውም። አንተን የሳቀብህ ሌላ ሰው ነው። እዚህ ግን የቀለደችው ሐዘንተኛዋ ራሷ ናት።

የአራዳ ልጅ፣ ላንተ ደግሞ የሚመርህን ልንገርህ። ቀልዱ ያንተ አይደለም። የአያትህ ነው። ባሏን ቀብራ፣ ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ሃምሳ ዓመት የተጨቃጨቁበትን የመጠጥ ነገር (እዚህ ላይ እየገመትኩ ነው፣ ግን የሚስት ጆሮ አለኝ) በአንድ ዓረፍተ ነገር ቋጭታው ሳቀች። ያንተ ድርሻ መስማት ነው። ቀላል ነገር አይደለም፣ አክስትህ ሽሮ ስትል ሌላው ሰው ሁሉ እዚያው ነበር፣ የሰማሃት አንተ ነህ። እኔ ቴያትር ላይ አሥራ ምናምን ዓመት ሠርቻለሁ። ተመልካች የሚስቅልኝ እኔ ላስቀው ስሞክር ሳይሆን የያዝኩት ነገር ከልቤ ሲያስጨንቀኝ ነው። «አሁን ይስቃሉ» ብዬ የጠበቅኩበት ቦታ ላይ ወንበር ሲንቋቋ ነው የምሰማው።

አሁን ቦሌ ካፌ ውስጥ ማን ያወራልሃል? ሁሉም ጆሮው ላይ ሰክቶ ነው የተቀመጠው። የጓደኛህ እናት ለቅሶ ላይም አልቃሿን ስትመርጥ ነበር እንጂ እያለቀስክ አልነበረም። ለመሆኑ አያትህን ከዚያ ወዲህ ስንቴ ሄደህ አየሃት? ቪዲዮውንስ አሳይተሃታል?

የአራዳ ልጅ፦
አላሳየኋትም ነበር። ዛሬ እሁድ ስለሆነ ሄድኩ። አፍሬ ነው የሄድኩት፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዤ። ስም አይጠቀስ፣ ለአጎቴም ደውዬለታለሁ፣ አላነሳም፣ ነገም እደውላለሁ።

ቡና እያፈላች ነበር። ስልኩን ሰጠኋት። መነጽሯን ፈልጋ፣ ከሩቅ ይዛ፣ እስከ መጨረሻው አየችው። አልሳቀችም። ሁለተኛ አስደገመችኝ። ከዚያ «ድምፄን አላስመሰልከውም» አለች። ቀጥላ በዚህ ገንዘብ አገኘህ የሚሉት እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትንሽ አገኘሁ አልኳት። ሲኒውን አቀበለችኝና እንዲህ አለች፦

«እንግዲያውስ የብርጭቆዋን ስጠኛ። ዕድሩ እኮ ከእኔ ነው የቆረጠው።»