ያለ ምክር መሳቅ ነውር ሆነ እንዴ?

ጉለሌ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንዱ እንግዳ ቀርቦ «ትምህርት የሌለው ሳቅ ለልጅ አይጠቅምም፣ የሆያ ሆዬም ግጥም ይጣራ» ሲል ሻዬ ትን አለኝ። እሺ «ቡሄ መጣ ያ መላጣ፣ ቅቤ ቀቡት እንዳይነጣ» ምን ትምህርት አለው? በዓሉን መላጣ አድርገን ቅቤ ስንቀባው ነበር እኮ ከት ብለን የምንስቀው!

የኔታ፦ ሰውየው ምን አጠፋ? «ያቺ ድንክ አልጋ አመለኛ፣ ያለአንድ ሰው አታስተኛ» የ7 ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጉለሌ፦ እሱን የምትሰማው አንተ ነህ፣ ልጁማ የሚስቀው በሌላ ነው። ከላይ ጀምረህ በለው እስቲ፣ አጋፋሪ ይደግሳል፣ ይሄ አንድ ፍሬ ልጅ ድግሱን ውጬ ውጬ ይልና ከድንክ አልጋ ይገለበጣል። ውሸቱ ነው እኮ የሚያስቀው ወንድሜ

እናትዓለም፦ ልጄ ትምህርት ቤት የሚሸመድደው ግጥም ሁሉ እጅህን ታጠብ፣ ታላቅህን አክብር ነው፣ ሲያጠና ፊቱን ብታዩት ያሳዝናል። ሆያ ሆዬን ግን ማንም ሳያስጠናው ከሰፈር ይዞት ገባ።

የኔታ፦ ስድብም ሳያስጠኑት ይዞ ይገባል እኮ እመቤቴ

ጉለሌ፦ ሃሃሃ «ትምህርት የሌለው ሳቅ»! አንተ ሰርግ ቤት ስትስቅ ማስታወሻ ትይዛለህ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ አሜሪካ የእህቴ ልጆች አማርኛ ተናገሩ ስንላቸው ይሸሻሉ፣ ቡሄ ሲደርስ ግን ዱላ ፍለጋ ቤቱን ያምሱታል። የቀረችንን አንዷን ደግሞ አጣሩልን!

ሰንበቴ፦ ዋናው ነገር ተረሳ። ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር ነው፣ ጌታ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት። «ቡሄ በሉ»ን ዘምሩ፣ ስለ አልጋ ምን አስጨነቃችሁ

ጉለሌ፦ ይኸው መጣ ደግሞ። ሁለቱንም ብለን አይደል እንዴ ያደግነው፣ ሙልሙሉን ማን ከለከለህ?

ሰንበቴ፦ የምን ሙልሙል፣ አሁን ብር ካልሰጠሃቸው በር ላይ ቆመው የሚያወርዱብህን ግጥም ሰምተሃል?

የኔታ፦ አያችሁ! እኔስ ምን አልኩ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቆጣቢ ሁላ፣ ስጧቸዋ 😂

እናትዓለም፦ የኔታ ግን አንተስ ልጅ ሆነህ አላልከውም? እየጠየቅኩህ ዝም ትላለህ

የኔታ፦ እኔ ገጠር ነው ያደግኩት፣ እኛ ለቡሄ ጅራፍ ነበር የምናጮኸው።

ጉለሌ፦ እና የጅራፉ ትምህርት ምን ነበር?