ለተኝቶ ታካሚ አረጋውያን የመድኃኒት ክትትል፦ የድሬዳዋና የሐረር አባላት የጋራ ዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፣ ድሬዳዋ፦
ረቂቁ ይኸው። በድል ጮራና በሕይወት ፋና የውስጥ ደዌ ዋርድ የሚተኙ፣ 60 ዓመት የሞላቸውና 5 ወይም ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚወስዱ ታካሚዎች በፋርማሲስት ይታያሉ። በገቡ በ24 ሰዓት ውስጥ የመድኃኒት ዝርዝራቸው ይጣራል። የሚቆረጠውን ቁረጡ፣ የጎደለውን ሙሉ።

የዋርድ ፋርማሲስት፣ ሐረር፦
«ይጣራል» ብቻ ካልን ካርዱ ላይ ያለው ይገለበጥና ያልቃል። 2 ምንጭ ይጠየቅ፦ አንዱ የታካሚው ወይም የአስታማሚው ቃል፣ ሌላው መድኃኒቱን ይዞ የሚመጣበት ፌስታል። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ጠራርጎ እንዲያመጣ ለአስታማሚው በዕለቱ ይነገረው። ከፌስታሉ የሚወጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ከጤና ጣቢያ የተሰጠ ኢናላፕሪል (የግፊት መድኃኒት)፣ ከግል መድኃኒት ቤት በሌላ የንግድ ስም የተገዛ ያው ኢናላፕሪል፣ ፉሮስማይድ (ሽንት የሚያሸና)፣ ለጉልበት የተባለ ዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ)፣ ስሙ ያለበት ጫፍ ተቆርጦ የቀረ ስትሪፕ። ኢናላፕሪል፣ ፉሮስማይድና ዳይክሎፌናክ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ኩላሊት ይጎዳል፤ ሙቀት ውሃውን የጨረሰው ሽማግሌ ላይ ይብሳል።

አጠያየቁም ይጻፍ። «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲባሉ «የግፊት» ብለው ዝም ነው። «አባባ፣ ትናንት ጠዋት ስንት ፍሬ ዋጡ? ማታስ? ለእንቅልፍ፣ ለወገብ የሚወስዱት አለ?» ሲባሉ ነው ነገሩ የሚወጣው። ጥቁር አዝሙድና አብሽም አይረሱ።

ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ ድሬዳዋ፦
የኩላሊት ስሌት ግዴታ ይሁን። የ78 ዓመት እናት፣ 45 ኪሎ፣ ክሬያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) በዴሲሊትር 1.2 ሚሊ ግራም። ወረቀቱን ያየ ብዙም አይደነግጥም። ኩላሊት የማጣራት አቅሙን በሚገምተው በኮክሮፍት ጎልት ቀመር ሲሰላ ግን (140 − 78) × 45 ÷ (72 × 1.2) × 0.85 (0.85ቱ ለሴት ነው)፤ በደቂቃ 27 ሚሊ ሊትር ገደማ። ጡንቻው ስላለቀ ክሬያቲኒኑ ዝቅ ብሎ ይታያል እንጂ ኩላሊቱ ደህና ሆኖ አይደለም። ለደም መርጋት ሕክምና በቀን ሁለቴ የታዘዘላቸው 45 ሚሊ ግራም ኢኖክሳፓሪን ይህ ቁጥር ከ30 በታች ሲሆን በቀን አንዴ ይሆናል። ስሌቱ የሚበላሸው ክብደት ላይ ነው። ከአልጋ የማይነሳ ታካሚ ሳይመዘን «60 ኪሎ» ይጻፍለታል። ግምት ከሆነ «ግምት» ተብሎ ይጻፍ። የክሬያቲኒን ውጤቱ በሊትር በማይክሮሞል ከመጣ ለ88.4 ይካፈል።

አባል፣ ሐረር፦
ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን ከሚዘረዝሩት መመሪያዎች በቢርስ ነው በስቶፕ/ስታርት የምንሄደው?

ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ ድሬዳዋ፦
ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ታድሰዋል፤ ሙሉውን ማንም ዋርድ ላይ አያነብም። መደርደሪያችን ላይ ያሉትን ለቅመን አንድ ገጽ እናውጣ፦ ግሊቤንክላማይድ (ስኳር ከመጠን በላይ ያወርዳል)፣ አሚትሪፕቲሊን (የድባቴ)፣ ዳያዚፓም (የጭንቀትና የእንቅልፍ)፣ ክሎርፌኒራሚን (የአለርጂ)፣ በቀን ከ0.125 ሚሊ ግራም ያለፈ ዲጎክሲን (የልብ)። ዳያዚፓም ለወራት የወሰደ ሰው ግን በአንድ ቀን አይቁም፤ የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል ቀስ በቀስ ይቀነስ።

የዋርድ ፋርማሲስት፣ ሐረር፦
የፋርማሲስቱ አስተያየት ከራውንድ (ከሐኪሞች የዋርድ ጉብኝት) በኋላ ቻርት ላይ ከተለጠፈ ማንም አያየውም። ራውንድ ሳይጀመር ለሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ ለሚማረው ሐኪም) በቃል ይነገር፣ ከዚያ ይጻፍ። በአንድ ታካሚ ከ3 ነጥብ አይብለጥ፤ 10 ነጥብ ይዞ የሚመጣ ፋርማሲስት በማግስቱ አይሰማም።

የማኅበረሰብ መድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ድሬዳዋ፦
መውጫውን ዘላችሁታል፣ አቦ። ታካሚው ሲወጣ የሚቀጥለው፣ የተለወጠውና የቆመው መድኃኒት ከነምክንያቱ በአንድ ወረቀት ይሰጠው። የቆመው ካልተጻፈ እኛ ጋ መጥቶ አሮጌውን ማዘዣ ያወጣል፣ እኛም እንሸጥለታለን። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን። ቃሉም በሚገባቸው ቋንቋ፦ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ። ማንበብ ለማይችሉ ፀሐይና ጨረቃ ይሣል።

አምፒሲሊንም ሆነ አሞክሲሲሊን ለሚወስድ፣ ጫት ቅሞ 2 ሰዓት ሳያልፍ እንዳይውጥ ይነገረው፤ ጫቱ ወደ ደም የሚገባውን የመድኃኒት መጠን ይቀንሳል። ኢንሱሊን ፍሪጅ ከሌለ ጥላ ውስጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ሸክላ፣ ብልቃጡን ውሃ ሳይነካው። በረመዳን የስኳር መድኃኒት ወደ ማፍጠሪያ ከመዞሩ በፊት መጠኑን ሐኪሙ ይወስን።

አባል፣ ሐረር፦
መለኪያው «ስንት ምክር ሰጠን» ከሆነ ቁጥር ማሳደድ ነው። ስንቱን ሐኪሙ ተቀበለ፣ ከወጡ በ30ኛው ቀን በስልክ ሲጠየቁ ዝርዝሩ እንደተጻፈው ነው ወይ፣ ወድቀዋል ወይም ተመልሰው ተኝተዋል ወይ፣ እነዚህ ይበቃሉ። ከአስታማሚው ስልክ ሌላ የጎረቤት ስልክም ይያዝ።

አስተባባሪ፣ ድሬዳዋ፦
ሁሉንም አስገብቻለሁ። ቅዳሜና እሁድ የገባውን ተረኛው ፋርማሲስት ፌስታሉን ብቻ ይሰብስብለት፣ የቀረው ሰኞ ጠዋት ይሠራ። የአንድ ገጹን ቅጽ በየሆስፒታሉ በ10 ታካሚ እንሞክረው፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ይቆረጣል።