የልጅ ቀለብ ውዝፍና ቤይሊፎች

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ ውስጥ ነው። የግል ሥራዬ ስለቀዘቀዘ የልጄ ቀለብ ተወዝፎ፣ ቤይሊፎች (ዕዳ ለማስከፈል ንብረት የሚይዙ አስፈጻሚዎች) እንደሚመጡ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ግዴታዬን አልክድም፤ ነገር ግን በር ሰብረው መግባት ይችላሉን? የሥራ መሣሪያዎቼንስ ይወስዳሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማስጠንቀቂያው ከተሰጠ በኋላ እሑድና በዓላት ሳይቆጠሩ 7 ሙሉ ቀናት ካላለፉ ሊመጡ አይችሉም፤ ሰዓቱም በመደበኛነት በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ዕዳ በመጀመሪያው ጉብኝት በር ሰብረው አይገቡም፤ ባልተቆለፈ በር ግን መግባት ስለሚችሉ ቆልፈው በመስኮት ያነጋግሯቸው። ለሥራዎ የግድ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች በድምሩ እስከ 1,350 ፓውንድ የተጠበቁ ናቸው።

መልስ፦ የተባለው ትክክል ነው፤ ሆኖም በር መቆለፍ ዕዳውን አይሰርዝም። ገቢዎ ቢያንስ በ25 በመቶ ቀንሶ ከሆነ የልጅ ቀለብ የሚያሰላው የመንግሥት አገልግሎት (Child Maintenance Service) የወደፊቱን ክፍያ እንደገና እንዲያሰላ ዛሬውኑ ያመልክቱ፤ ለውዝፉም በእርግጥ ሊከፍሉት የሚችሉትን ወርኃዊ መጠን በጽሑፍ ያቅርቡ።

መልስ፦ እኔ ቀለብ ተቀባይ እናት ነኝ። ትንሽም ብትሆን በየወሩ ሳትቋረጥ የምትመጣ ገንዘብ ለልጅ ጫማና ምግብ ትደርሳለችና፣ እባክዎ ድርድሩ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ የሚችሉትን መክፈል ይጀምሩ፤ የከፈሉበትንም ማስረጃ ያስቀምጡ።