የአስተዳደር ጥራትና የካፒታል ሽሽት፦ ቁጥሩ ለምን ኔጋቲቭ ወጣ?

የማክሮ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመንግሥት አስተዳደር ጥራት በካፒታል ሽሽት (ገንዘብ ከአገር ተደብቆ መውጣት) ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለኢትዮጵያ መገመት ፈልጌ ነበር። የዓለም ባንክን ስድስት የአስተዳደር መለኪያዎች ባንድ ላይ ሳስገባ አንዱም ትርጉም ያለው ውጤት አይሰጥም። ሽሽቱን የለካሁት በቀሪ ስሌት ሲሆን 2006 እ.ኤ.አ. ላይ በጣም ኔጋቲቭ ይወጣል። ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ቀሪ ሒሳብ፦
የ2006ቱ ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት ያገኘችው የውጭ ዕዳ ስረዛ ነው። ስሌቱ የውጭ ዕዳ ጭማሪንና የተጣራ የውጭ ቀጥታ ኢንቨስትመንትን ደምሮ፣ የከረንት አካውንት ጉድለትን (ከውጭ ጋር ባለው የንግድ፣ የአገልግሎትና የገቢ ሒሳብ የጎደለውን) እና የመጠባበቂያ ምንዛሪ ጭማሪን ይቀንሳል። ዕዳ ሲሰረዝ ክምችቱ ስለሚወርድ ካፒታል ተመልሶ የገባ ይመስለዋል። የተሰረዘውን መልሰህ ደምር። በዩሮ የተያዘውንም ዕዳ አስተካክል፤ ዩሮ ሲጠነክር አዲስ ብድር ሳይኖር በዶላር ሲሰላ ያብጣል።

ስድስቱ መለኪያዎች ደግሞ አብረው ነው የሚወጡት የሚወርዱት፤ ባንድ ላይ ሲገቡ የአንዱ ድርሻ ከሌላው አይለይም፤ አንድ በአንድ ሞክራቸው። መረጃው ከ1996 እ.ኤ.አ. ነው የሚጀምረው፣ እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ በየሁለት ዓመቱ። ለአንድ አገር አይበቃም፣ የብዙ አገሮችን የብዙ ዓመት መረጃ ባንድ ላይ የያዘ ፓናል ሥራ።

ዲክላራሲዮን፦
ቀሪ ስሌት በኢንቮይስ (የንግድ ደረሰኝ) ላይ ዋጋ በማዛባት የሚወጣውን አያይም። አንድ ኮንቴይነር 19 ቶን ሰሊጥ ያዘ እንበል። በቶን 1,800 ዶላር ተሽጦ ሰነዱ ላይ 1,500 ከተጻፈ 5,700 ዶላር ውጭ ቀረ ማለት ነው። በገቢ ዕቃ በኩል ዋጋ የሚናረው ቀረጥ በሌለበት ማሽነሪ ላይ ነው። ከፍተኛ ቀረጥ ባለበት ዕቃ ላይ ግን ዋጋው ዝቅ ብሎ ይጻፍና ልዩነቱ በጥቁር ገበያ ዶላር ይከፈላል። ሁለቱን ካቻቻልካቸው ሽሽቱ ይጠፋብሃል፤ ለየብቻ ቁጠራቸው።

ለማጣራት በተባበሩት መንግሥታት የንግድ መረጃ ቋት ኤችኤስ (የዕቃዎች የጉምሩክ መለያ ቁጥር) 120740፣ ማለትም ሰሊጥ፣ አውጥተህ የእኛን ኤክስፖርት ከገዢው አገር ኢምፖርት ጋር አነጻጽር። ከኢምፖርቱ ዋጋ ላይ የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ ቀንስ። ታኅሣሥ ተጭኖ በጥር የደረሰውንና በዱባይ በኩል የተላለፈውን ልብ በል፤ ካልሆነ ንጹሑን ነጋዴ ሌባ ታደርገዋለህ።

የማክሮ ተማሪ፦
በጥቁር ገበያውና በባንክ ምንዛሪ መካከል ያለውን ልዩነት እንደ መቆጣጠሪያ (ውጤቱን እንዳያዛባ አብሮ የሚገባ ተለዋዋጭ) ላስገባ?

ቀሪ ሒሳብ፦
ባታስገባው ይሻላል። ልዩነቱን የፈጠረው ራሱ የፖሊሲው ጥራት ነው፤ ካስገባኸው የአስተዳደሩን ድርሻ ይበላብሃል።

ዲክላራሲዮን፦
እኔ አልስማማም። ባንክ አንድ ዶላር በ57 ብር ይሰጥ በነበረበት ጊዜ በጥቁር ገበያ ዋጋው እጥፍ አካባቢ ነበር። ያን ያህል ክፍተት ሲኖር፣ በፍርድ ቤቱና በጉምሩኩ የሚተማመን ነጋዴም ሰነድ መነካካት ያዋጣዋል። በሁለቱም መንገድ አስላና ጎን ለጎን አሳይ፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ለተደረገበት ለሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ በፊት 0፣ ከዚያ ወዲህ 1 የሚሆን ተለዋዋጭ ጨምርበት።