ጥያቄ፦ በባልዲ የሠራው ኮድ ሮቶ ላይ አበደ። ጣሪያ ሳልወጣ የምፈትሽበት መንገድ አለ?

የሮቶው ሰው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት አዳማ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ተነስቶ ፓምፕ ማብራት ሰለቸኝና ከታችኛው ታንከር ወደ ጣሪያው ሮቶ የሚገፋውን ፓምፕ በአርዱይኖ ናኖ (ኮድ በሚጫንባት ትንሽ ቦርድ) ልቆጣጠር ብዬ ተነሳሁ። ሮቶው አፍ ላይ አልትራሳውንድ ሴንሰር አለ (ድምፅ ልኮ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ይለካል)፣ ሪሌይ አለ (ቦርዱ ፓምፑን የሚያበራበትና የሚያጠፋበት)፣ ትንሽዬ ኤልሲዲ ስክሪን አለች። ውሃው ከ20 ፐርሰንት በታች ሲሆን ፓምፑ ይነሳል፣ 95 ሲደርስ ይጠፋል። በቃ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ በባልዲ ሞከርኩት። ሴንሰሩን ከላይ በእንጨት አንጠልጥዬ፣ ኮዱ ላይ ቁመቱን 300 ሚሊሜትር ብዬ፣ ውሃ በጆግ እየጨመርኩ። ምንም እንከን አልነበረውም። ከዚያ ሮቶው ላይ ሰቀልኩትና ቁመቱን 1500 አደረግኩ። በመጀመሪያው ሌሊት ጎረቤታችን እማማ በር አንኳኩ። «ልጄ፣ ውሃህ ግቢያችን ገባ!» ወጥቼ ሳይ ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል፣ ኤልሲዲው ደግሞ 11 ፐርሰንት ይላል። ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

አሁን አንድ መስመር በቀየርኩ ቁጥር ጣሪያ መውጣት፣ ሮቶ ማፍሰስ፣ እንደገና መሙላት ሆነብኝ። ውሃውም ያሳዝናል። ዩኒት ቴስት (የኮዱን ቁራጭ ለብቻ የሚፈትሽ ኮድ) ሲባል እሰማለሁ፣ ግን የዌብ ሰዎች ነገር ይመስለኝ ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ይሆናል?

ሶልደር፦
ይሆናል እንጂ! እንዲያውም ከዌቡ ይልቅ ለእኛ ነው የሚያስፈልገው። እነሱ ሲሳሳቱ ገጹን ሪፍሬሽ ያደርጋሉ፤ አንተ ጣሪያ ትወጣለህ።

ኮድህን ባላየውም እገምታለሁ። አንዱ ሉፕ ውስጥ ሴንሰር ይነበባል፣ ፐርሰንት ይሰላል፣ ሪሌይ ይበራል፤ ሁሉም ተደበላልቆ። መጀመሪያ ለያየው። «ፓምፑ ይሥራ ወይስ ይጥፋ» የሚለውን ውሳኔ ብቻውን አንድ ፈንክሽን አድርገው። የውሃውን ከፍታና ፓምፑ አሁን ያለበትን ሁኔታ ይቀበላል፣ ይሥራ ወይም ይጥፋ ብሎ ይመልሳል። ስለ ፒን፣ ስለ ሪሌይ፣ ስለ ሴንሰር ምንም አያውቅም። እንዲህ ከሆነ ተራ የሲ ኮድ ነው፤ ላፕቶፕህ ላይ ይሠራል።

ፕላትፎርም አይኦ (ኮድ ቦርዱ ላይ የሚጭንና ቴስት የሚያሄድ መሣሪያ) ጫን፣ «ኔቲቭ» የሚባለውን፣ ላፕቶፑ ራሱ ላይ የሚያሄደውን ኢንቫይሮንመንት ጨምር፣ ቴስቶችህን «ቴስት» በሚለው ፎልደር ውስጥ አስቀምጥ። ላፕቶፑ ላይ ጂሲሲ (የሲ ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው) መኖር አለበት። የቴስት ላይብረሪው ዩኒቲ ይባላል። ከጌም መሥሪያው ዩኒቲ ጋር አይገናኝም፣ ስም ብቻ ነው። ይኸኛው አንድ የሲ ፋይልና ሁለት ሄደር ነው፣ በቃ።

ከዚያ እንዲህ እያልክ ጻፍ፦ ፓምፑ ጠፍቶ 19 ፐርሰንት ከሆነ፣ ይነሳ። ፓምፑ እየሠራ 94 ከሆነ፣ ይቀጥል። 95፣ ይጥፋ። ጠፍቶ 50 ከሆነ፣ እንደጠፋ ይቆይ። ይቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል።

የሮቶው ሰው፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥህ። ማታ ቁጭ ብዬ ለያየሁትና 11 ቴስት ጻፍኩ። ሁሉም አለፉ! 1480 ሚሊሜትር ብዬ ስሰጠው 98 ፐርሰንት ይላል፣ ትክክል ነው። ደስ ብሎኝ ቦርዱ ላይ ጫንኩት። ያው ነው። ሮቶው ሙሉ ሆኖ ኤልሲዲው 11። ታዲያ ቴስቱ ምን ጠቀመኝ?

ስሌቱ ይኸው ነው፦ የውሃው ከፍታ በ100 ይባዛል፣ ከዚያ ለቁመቱ ይካፈላል። ሁሉም ኢንት (ሙሉ ቁጥር መያዣ) ናቸው።

እህተ ቢት፦
አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ሮቶው ላይ ከሰቀልከው ወዲህ ኤልሲዲው ከ21 በላይ አሳይቶህ ያውቃል?

የሮቶው ሰው፦
ኧረ! አሁን ስታነሺው አይቼ አላውቅም። እንዴት አወቅሽ?

እህተ ቢት፦
«ኢንት» ስላልክ ነው። ናኖ ላይ ኢንት 16 ቢት ነው፤ ትልቁ የሚይዘው ቁጥር 32767 ነው። አንተ 1480ን በ100 ስታባዛ 148000 ይመጣል። አይገባም። ቦርዱ የተረፈውን ቆርጦ ይጥለዋል፤ 16 ቢት በየ65536ው ዞሮ ከ0 ይጀምራል፣ ሁለቴ ሲዞር 131072 ነው፤ 148000 ሲቀነስ 131072፣ 16928 ይቀራል። ይሄን ለ1500 አካፍለው። 11! እማማን በር ያስንኳኳቸው ቁጥር እሱ ነው። 32767ን ለ1500 ብታካፍል ደግሞ 21 እና ፍርፋሪ ነው። ስለዚህ ውሃው የፈለገውን ያህል ቢሞላ ኮድህ 95ን በሕይወቱ አያያትም።

ባልዲው ላይ 300 በ100፣ 30000 ነው። ለጥቂት ገባልህ። ላፕቶፕህ ላይ ደግሞ ኢንት 32 ቢት ስለሆነ 148000 ምንም አይመስለውም። ቴስቱ አልዋሸህም፤ የጠየቅከው ሌላ ማሽን ነው።

ማስተካከያው አንዲት ፊደል ናት። ከ100 ኋላ ኤል ጨምር፣ ማባዛቱ በ32 ቢት ይሆናል። ተጠንቀቅ፣ ውጤቱን ብቻ ትልቅ ቫሪያብል ውስጥ ብታስቀምጠው አይጠቅምም። ሲባዛ ነው የሚፈሰው፤ ከፈሰሰ በኋላ ትልቅ ባልዲ ብትደቅን ምን ዋጋ አለው?

«እሺ ላፕቶፑ ላይም 16 ቢት ብዬ ላውጅ» እንዳትል። ሲ ከማባዛቱ በፊት ወደ ማሽኑ ኢንት ያሳድገዋልና አሁንም ያልፍልሃል። ይልቅ እነዚያኑ ቴስቶች ናኖው ራሱ ላይ አሂዳቸው። ሴንሰርም ሮቶም አያስፈልግም፤ ጠረጴዛ ላይ በዩኤስቢ ሰካው። ፕላትፎርም አይኦ ይጭነዋል፣ ውጤቱን በሲሪያል ያነብልሃል። የናኖው ራም 2 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ የቴስት መልእክቶችህን አታርዝም። ቦርድ በእጅህ ከሌለ ሲምኤቪአር የሚባል፣ ቦርዱን ላፕቶፕ ላይ የሚያስመስል ሲሙሌተር አለ።

እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው። ቀን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ፣ ምክንያቱም በሰከንድ ያልቃል። ከመስቀሌ በፊት አንዴ ቦርዱ ላይ።

የድሮ ኤሌክትሪሽያን፦
ልጆች፣ የምትሉት ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ሪሌይ ይጣበቃል። ኮዱ «ጥፋ» ቢል ኮንታክቱ ከቀለጠ ፓምፑ አይሰማም፤ ይሄን የትኛው ቴስት ያያል? ሮቶው አፍ ላይ ፍሎት ስዊች (ውሃው ሲያነሳው መስመር የሚቆርጥ ተንሳፋፊ) አስገባና ከሪሌዩ ለብቻው፣ በራሱ መስመር ፓምፑን እንዲቆርጥ አድርግ። ኮዱን ብቻ አትመን። የፓምፑን መስመር ስትነካ ደግሞ ብሬከር አጥፋ።

የሮቶው ሰው፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እሱን አላሰብኩትም።

ሶልደር፦
እህተ ቢት ቀደመችኝ፣ ስለ ኢንት ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ የሴንሰሩ ሽቦ ቢነቀል ምን ይሆናል? ፐልስኢን (የሴንሰሩን ምላሽ ጊዜ የሚለካው ፈንክሽን) ድምፁ ካልተመለሰለት 0 ነው የሚሰጥህ። ርቀት 0 ማለት ለኮድህ «ውሃው ሴንሰሩን ነካ» ነው፤ ማለትም ሙሉ። ፓምፑ አይነሳም፣ የፈረቃው ውሃ መጥቶ ይሄዳል፣ ጠዋት ቧንቧው አየር ብቻ ይተፋብሃል። «ርቀት 0 ከሆነ ስህተት ብለህ አሳውቅ» የሚል ቴስት ጻፍ። የአንተ ሴንሰር ውሃ የማይገባው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከ20 ሴንቲሜትር ገደማ በታች በደንብ አያይም። ከፍ አድርገህ ስቀለው።

ሁለተኛ፣ «ፓምፑ ከ40 ደቂቃ በላይ ከሠራ ይቁም» የሚል ሕግ ጨምር፣ ግን በዲሌይ (ኮዱን አስቁሞ በሚያስጠብቀው) አይሁን። ሰዓቱን ለፈንክሽኑ ከውጭ ስጠው። ያኔ ቴስቱ ውስጥ 40 ደቂቃን በአንድ መስመር ትዘላለህ። ሚሊስ (ቦርዱ ከበራ ጀምሮ ሚሊሰከንድ የሚቆጥረው) ወደ 50 ቀን ሲጠጋ ተመልሶ ከ0 እንደሚጀምርም ሳትጠብቅ ትሞክራለህ። አሁን ካለው ሰዓት የተነሳበትን ቀንስ፣ በ32 ቢት አንሳይንድ (ኔጋቲቭ በሌለው ቁጥር)፤ ዞሮ ቢመጣም ልዩነቱ አይበላሽም።

የሮቶው ሰው፦
ዛሬ ኤሏን ሳልጨምር መጀመሪያ ቦርዱ ላይ አሄድኩት፣ በዓይኔ ልየው ብዬ። የ1480ው ቴስት ወደቀ። «98 ተጠብቆ 11 ተገኘ» ይላል። ነገር ተበላሽቶ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም! ኤሏን ጨመርኩ፣ አለፈ። የ0ው ቴስትም ወድቆ ነበር፤ ሶልደር፣ ልክ እንዳልከው ነው ያደረገው። እሱንም አስተካከልኩት።

ፍሎት ስዊቹን ነገ እገዛለሁ። እማማ ግን አሁንም ሰላም ሲሉኝ ዓይናቸው ሮቶው ላይ ነው።