የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ወንድሜን ከሩቅ ሆኜ እንዴት ልርዳው?

ጠያቂ፦ እህት ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ትምህርት ጀምሯል። እዚህ ሲማር ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነበር፤ የሒሳብና የሎጂክ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ውጤቱን ካየ ወዲህ ግን «ትቼ ልምጣ» ማለት አብዝቷል። መምህራኑ በእንግሊዝኛ ፈጥነው ስለሚያስረዱ ማስታወሻ መያዝ እንደሚያቅተው፣ ዶርም ውስጥም ወሬ እስከ እኩለ ሌሊት ስለማይቋረጥ ማጥናት እንዳልቻለ ነግሮኛል። እናታችን ይምጣ ትላለች፤ እኔ ደግሞ እንዲጸና እፈልጋለሁ። ምን ብዬ ልምከረው?

መልስ 1፦ የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) ኮርስ መምህር

እህቴ፣ በየዓመቱ እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ያጋጥሙኛል። ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበሩ ልጆች አንድ ሴክሽን ውስጥ ሲገናኙ አብዛኞቹ አንደኛ መሆናቸው ይቀራል፤ ይህን ቀድሞ የነገራቸው ሰው ስለሌለም የአንድ ፈተና ውጤት የችሎታቸው ማረጋገጫ ይመስላቸዋል። ሚድ የሴሚስተሩ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ፋይናሉ፣ አሳይመንቱና ኩዊዙ ገና ይደመራሉ። ስለዚህ ወንድምዎ የፈተና ወረቀቱን ይዞ በምክክር ሰዓት ወደ መምህሩ ቢሮ ይሂድና ነጥብ የቀነሰበትን ቦታ ይጠይቅ። ብዙ አዲስ ተማሪዎች በፍርሃት ይህን በር ሳያንኳኩ ሴሚስተሩ ያልቃል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ጊዜውንም በክሬዲት፣ ማለትም ኮርሱ በአማካይ ውጤቱ ላይ ባለው ክብደት፣ መዝኖ ይመድብ፤ የአንድ ደረጃ መሻሻል በክሬዲቱ ይባዛል። በባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ከሲ ወደ ቢ ቢያሻሽል 3 ነጥብ ይጨምርለታል፤ በባለ 2 ክሬዲት ኮርስ ከቢ ወደ ኤ ቢያሻሽል ግን የሚያገኘው 2 ብቻ ነው። ዲፓርትመንት ሲመረጥ ውጤቱ ስለሚታይ ይህ ስሌት ቀላል ነገር አይደለም።

መልስ 2፦ የአራተኛ ዓመት ተማሪ

እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ የምዕራፉን ሞጁል ከክፍል በፊት አንብቦ የማያውቃቸውን ቃላት አውጥቶ ቢገባ መምህሩ የሚሉትን ለመከተል በእጅጉ ይቀለዋል፤ ሁሉንም ለመጻፍ ከመሞከር ይልቅ ያልገባውን ብቻ ምልክት አድርጎ ማታ ከሁለት ሦስት የክፍል ጓደኞቹ ጋር ይወያይበት። ዶርም የመኝታ ቦታ እንጂ የጥናት ቦታ አይሁንለት፤ ከእራት በኋላ በቀጥታ ወደ ላይብረሪ ይሂድ። ከተቻለ እነዚህን ኮርሶች የወሰደ ሲኒየር (ከእሱ የቀደመ ተማሪ) ፈልጎ የቆዩ ፈተናዎችን ይጠይቅ። በየእምነቱ ያሉት የግቢ ማኅበራትም ከቤት ለራቀ ልጅ ትልቅ መጽናኛ ናቸው።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ ብዬ ልጠይቅ፤ የግድ መምጣት ቢኖርበትስ?

መልስ 3፦ የፍሬሽማን ኮርስ መምህር

ሻንጣውን ይዞ ዝም ብሎ አይውጣ። መጀመሪያ ከተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት የምክር አገልግሎት ይጠይቅ፤ ሕመም ወይም ከባድ የቤተሰብ ችግር ካለም በሬጅስትራር (በተማሪዎች ምዝገባ ክፍል) በኩል የዊዝድሮዋል (የትምህርት ማቋረጫ) ፎርም ሞልቶ፣ ክሊራንስ (ከዕዳና ከንብረት ነፃ መሆኑን ማረጋገጫ) ጨርሶ፣ ማስረጃውን በእጁ ይያዝ። በሕጋዊ መንገድ የወጣ ተማሪ በሪአድሚሽን (በዳግም ቅበላ) ለመመለስ ማመልከት ይችላል፤ ሳያሳውቅ የጠፋ ግን በተመዘገበባቸው ኮርሶች ኤፍ ሊያገኝና መመለሻው ሊጠብበት ይችላል። የጊዜ ገደቡ በየዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ ስለሚለያይ፣ ቀኑን ከሬጅስትራሩ ነገ ጠዋት ጠይቆ እንዲነግርዎ ያድርጉ።