«ጄሪማንደሪንግ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ቃል ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። እናቴ ዜና እየሰማች «ይሄ ጄሪማንደሪንግ የሚሉት ምንድን ነው?» አለችኝ። «የምርጫ ክልል ማካለል» ብዬ መለስኩ። «ታዲያ ማካለል ምን ክፋት አለው? ምን ያጣላቸዋል?» አለች። እውነቷን ነው። ጎረቤታሞች ሽማግሌ ይዘው ወሰናቸውን ሲያካልሉ ጥሩ ሥራ ነው። ፓርቲ ለራሱ እንዲያሸንፍ ብሎ ወሰኑን ሲያጣምም ግን ክፉ ነው። ለዚህ ለክፉው የሚሆን ሌላ ቃል የለንም?

የገበሬ ልጅ፦
አለን እንጂ! ድንበር መግፋት። ሰውየው ሲያርስ ማረሻውን ወደ ጎረቤቱ ማሳ ጠጋ ያደርጋል። ዘንድሮ አንድ ትልም፣ ለከርሞ ሌላ ትልም። እኛ ዘንድ «ድንበር ገፊ» መባል ከባድ ስድብ ነው። ለእናትህ እንደዚያ በላቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል።

ቀለም ወዳድ፦
ድንበር መግፋት ደስ ይለኛል፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ድንበር ገፊ የሚወስደው መሬት ነው። እዚህ የሚፈለገው ሰው ነው፣ መራጩ። መስመሩ የሚጠማዘዘውም ሰው ለመልቀም ነው።

ቃሉ ራሱ የመጣው ከዚህ ጥምዝምዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 የማሳቹሴትስ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ ለፓርቲው የሚያደላ የምርጫ ወረዳ ካርታ ፈርሞ አጸደቀ። በኤሴክስ ካውንቲ የተሳለው ወረዳ እንሽላሊት የሚመስለውን ሳላማንደር መሰለ። አንድ የቦስተን ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ጨምሮ ሳለው። የጌሪ ስምና የሳላማንደር ጭራ ተጋጠሙና ቃሉ ተወለደ። ሰውየው ስሙን የሚጠራው «ጌሪ» ብሎ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙው ሰው «ጄሪ» ይላል። ስለዚህ በአማርኛ «ጄሪማንደር» ብለን ብንጽፍ ስህተት የለውም።

አሠራሩ ላይ አማርኛችን እጅግ ይመቻል። ሁለት ዘዴ ነው ያለው፦ ማጨቅና መበተን። 50 መራጭ አለ እንበል፤ 30ው የፓርቲ «ሀ»፣ 20ው የፓርቲ «ለ»። ካርታውን የሚስለው «ለ» ነው። አሥር አሥር ሰው ያለባቸው 5 ወረዳዎች ያወጣል። በሁለቱ ወረዳዎች የ«ሀ»ን ሰዎች ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ያጭቃል፤ ልክ እንደ ታክሲ። የቀሩትን 12 ደግሞ በሦስቱ ወረዳዎች አራት አራት አድርጎ ይበትናል። በሦስቱም 6 ለ4 ያሸንፋል። 20 ሰው ያለው 3 ወንበር ያዘ፣ 30 ያለው 2። አንድም ኮሮጆ አልተሰረቀም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ «ሽንሸና» እላለሁ። መራጩን ሸነሸነው። «መሬቱን ሸንሽኖ ሸጠው» ስንል እኮ ንግግሩ ውስጥ ቅሬታ አለ።

የገበሬ ልጅ፦
ሽንሸና በደህናው ጊዜም ይባላል፤ ለመኖሪያ ቤት መሬት ሲሸነሸን ማንም አይከፋም። «የመራጭ ሽንሸና» ካልክ ግን እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ «የምርጫ ክልል» ስንል አገር ቤት ያለው አንባቢ ኦሮሚያን ወይም አማራን ሊያስብ ይችላል። ለአሜሪካው «የምርጫ ወረዳ» ይሻላል።

ቃል ፈላጊ፦
ለእናቴ ሁለቱንም ነገርኳት። ሽንሸናው ገባት። ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ሽማግሌ የላቸውም?»

ቀለም ወዳድ፦
እናትህ ዋናውን ነገር ጠየቁ። እዚያው ሜሪላንድ ዲሞክራቶች እ.ኤ.አ. በ2011 6ኛውን የኮንግረስ ወረዳ ከምዕራቡ የሪፐብሊካኖች አገር አውርደው ሞንትጎመሪ ድረስ አመጡት። በቀጣዩ ዓመት ወንበሩን ወሰዱ። በካርታው ላይ የቀረበው ክስ ሪፐብሊካኖች ከሸነሸኑት ከኖርዝ ካሮላይና ጋር ተደርቦ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2019 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ የፓርቲ ሽንሸና የፌደራል ዳኞች የሚፈርዱት ጉዳይ አይደለም አለ።

ካሊፎርኒያ ግን ሽማግሌ ነበራት፤ ካርታውን የሚስል ገለልተኛ ኮሚሽን። በ2025 የቴክሳስ ሪፐብሊካኖች በየአሥር ዓመቱ ካርታ የሚታደስበትን የሕዝብ ቆጠራ፣ የ2030ውን፣ ሳይጠብቁ በኮንግረስ 5 ወንበር ለመጨመር አዲስ ካርታ አወጡ። ዲሞክራቶቹ ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሞላ ብለው ከግዛቱ ወጥተው ሰነበቱ፤ ካርታው ግን ጸደቀ። ካሊፎርኒያ አጸፋውን ለመመለስ በኖቬምበር ሕዝቡን አስመረጠች። ሕዝቡም የኮሚሽኑ የኮንግረስ ካርታ እስከ 2030 ወደ ጎን እንዲቀመጥ ወሰነ።